ኮርስ ከመመዝገባችሁ በፊት ተፋሰስ ምረጡ፦ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝን በኢንተርኔት፣ ከብዙ ሙያ አንጻር ለመማር

የተፈጥሮ ሀብት አያያዝን በርቀት መማር የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ኮርስ በማደን ነው። አንድ የአፈር፣ አንድ የውሃ፣ አንድ የኢኮኖሚክስ ኮርስ ይመዘገባል። ከወራት በኋላ ሦስት ሰርተፍኬት እጁ ይገባል፤ ሦስቱን የሚያያይዝ አንድ አንቀጽ ጻፍ ቢባል ግን ብዕሩ ይደርቅበታል። እኔም በዚሁ መንገድ ሄጄ ጊዜዬን አባክኛለሁ። በኮርሶቹ አልፈርድም፤ እያንዳንዱ የተሰናዳው የራሱን ሙያ ለማስተማር ስለሆነ ማገናኘቱን ለተማሪው ይተወዋል።

እዚህ የማሳያችሁ አካሄድ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። መጀመሪያ መሬት፣ ቀጥሎ ጥያቄ፣ ከዚያ ዳታና ንባብ፤ ኮርስ የሚመጣው የጎደለውን ለመሙላት ነው። በሳምንት ስድስት ሰዓት ያህል መስጠት ከቻላችሁ ሦስት ወር ገደማ ይበቃችኋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

1. አንድ ተፋሰስ፣ አንድ ችግር

“የደን ጭፍጨፋ” ወይም “የአየር ንብረት ለውጥ” ብላችሁ አትጀምሩ፤ ኢንተርኔት እንደ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳችኋል። ካርታ ላይ ጣታችሁን የምታሳርፉበት ቦታ ያዙ። እኔ ተፋሰስን የምመርጠው ውሃ የአስተዳደርንም የሙያንም ወሰን ስለማያውቅ ነው፤ ላይ የታረሰው መሬት ታች ደለል ሆኖ ይገኛል። ስፋቱ ከ10 እስከ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ካነሰ ኋላ የምናነሣቸው የዝናብና የአፈር ዳታዎች ብዙ አይነግሯችሁም፤ ከበዛ ደግሞ ቦታውን በቅጡ ማወቅ አትችሉም።

ለዚህ ጽሑፍ አንድ ምሳሌ እንያዝ፦ በደለል እየሞላ ያለ አነስተኛ ግድብና ከበላዩ ያለው ተፋሰስ። ጥያቄያችን ሦስት ነው። አፈሩ ከየት ይመጣል? እንዳይመጣ ማድረግ የሚችለው ማን ነው? ወጪውን የሚሸከመውና ጥቅሙን የሚያገኘው አንድ ሰው ነው ወይ? የመጀመሪያው የአፈርና የውሃ ባለሙያን ይጠራል፤ ሁለተኛው የማኅበራዊ ሳይንስና የሕግ ሰውን፤ ሦስተኛው ኢኮኖሚስቱን። አንዱን ብቻ የመለሰ ሰው ግድቡን አያድነውም።

ብራውዘር ከመክፈታችሁ በፊት የምትገምቱትን መልስ በግማሽ ገጽ ጻፉና ቀኑን አኑሩበት። ይህን ወረቀት አትጣሉት፤ መጨረሻ ላይ እንፈልገዋለን።

2. ባልደረቦች ፈልጉ፣ ከዚያ ሙያ ተለዋወጡ

ብቻ መማር ይቻላል፤ ግን አራት ወይም አምስት ሆኖ መማር የተለየ ነገር ነው፣ በተለይ አንዱ አግሮኖሚስት (የሰብል ባለሙያ)፣ ሌላዋ የሕግ ሰው፣ ሌላው የካርታ ባለሙያ ከሆኑ። ከስድስት በላይ ከሆናችሁ ሁለቱ ሥራ ይሠራሉ፣ የቀሩት ያነባሉ።

አንድ ሕግ ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ፦ ማንም የራሱን ሙያ አያቅርብ። የደን ባለሙያዋ የኢኮኖሚክሱን ጽሑፍ አንብባ ታስረዳ፣ ኢኮኖሚስቱ ያርማት። በሚቀጥለው ሳምንት ኢኮኖሚስቱ የሳተላይት ምስሉን ይተንትን፣ የካርታ ባለሙያው ይከታተለው። ባለሙያ የራሱን ነገር ሲያስረዳ ያልገባንን ሁሉ በሙያ ቃል ሸፍኖት ያልፋል፤ እንግዳው ሲያስረዳ ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ ይታያል። መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል፤ ሁለት ሳምንት ታገሡት።

የቀረው የአደረጃጀት ጉዳይ ነው። አንድ የጋራ ፎልደር፣ አንድ የጋራ ሰነድ፣ በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ አንድ ገጽ ጽሑፍ። ፊት ለፊት በቪዲዮ መገናኘት በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል፤ ኢንተርኔቱ ደካማ የሆነበት ሰው በጽሑፍ እኩል ይሳተፋል፣ በቪዲዮ ግን ሁልጊዜ ኋላ ይቀራል። በተለያየ አገር ካላችሁ ሰዓቱን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ጻፉ።

3. የቃላት መዝገብ ክፈቱ

ሰዎች ይህን ደረጃ ይዘሉታል፤ ከሁሉም ይልቅ ጊዜ የሚገባው ግን ይኸው ነው። ቡድን የሚፈርሰው ዳታ ስለጠፋ አይደለም፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ቃል ሁለት ነገር እያሉ መሆናቸውን ሳያውቁ ለወራት ሲከራከሩ ነው።

“ስኬል” የሚለውን ውሰዱ። ለካርታ ሠሪ “ትልቅ ስኬል” ማለት እንደ 1፡10,000 ያለ፣ ትንሽ ቦታን በዝርዝር የሚያሳይ ካርታ ነው። ለሥነ ምህዳር ተመራማሪ “ትልቅ ስኬል” ሰፊ አካባቢ ነው። ፍጹም ተቃራኒ! “ዪልድ” ደግሞ ለአግሮኖሚስቱ ከአንድ ሄክታር የተሰበሰበ ምርት ነው፤ ለውሃ ባለሙያው ከተፋሰሱ የሚወጣ የውሃ ወይም የደለል መጠን ነው። “ዪልዱ ጨመረ” ሲባል አንዱ ደስ ይለዋል፣ ሌላው ስለ ግድቡ ይጨነቃል። “ማኅበረሰብ” ለአንዷ አብረው የሚኖሩ ዕፅዋትና እንስሳት ናቸው፣ ለሌላው ሰዎች።

አማርኛው ራሱ የሚያሳስትበትም አለ። “ድርቅ” አንድ ቃል ነው፤ በሙያው ግን ቢያንስ አራት ነው፦ ለአየር ጠባይ ባለሙያ ዝናብ ከተለመደው ማነሱ፣ ለግብርና ባለሙያ በሥሩ ዙሪያ ያለው የአፈር እርጥበት ለሰብሉ አለመብቃቱ፣ ለውሃ ባለሙያ የወንዝና የግድብ ውሃ መቀነሱ፣ ለማኅበራዊ ሳይንስ ሰው የውሃ እጥረቱ የሰውን ኑሮ መንካቱ። አራቱ በአንድ ጊዜ አይጀምሩም፣ በአንድ ጊዜም አያልቁም። ዝናብ ተመልሶ ግድቡ ገና ባዶ ሊሆን ይችላል፤ “ድርቁ አልፏል ወይስ አላለፈም?” የሚለው ክርክር እዚህ ይወለዳል።

“ሬዚሊየንስ” የሚለውን “መቋቋም” ብለን እንተረጉመዋለን፤ ትርጉሙ መጥፎ አይደለም፣ ግን ልዩነቱን ይውጠዋል። በምሕንድስና አስተሳሰብ ነገሩ የተናጋ ሥርዓት ወደ ነበረበት የሚመለስበት ፍጥነት ነው። የሥነ ምህዳር ሊቁ ሆሊንግ በ1973 ባወጣው ጽሑፍ ግን ጥያቄው ሌላ ነበር፦ ሥርዓቱ ወደ ሌላ መልክ ሳይገለበጥ ምን ያህል መናጋት ይሸከማል? የግጦሽ መሬት ወደ ቁጥቋጦ ከተለወጠ በኋላ “ፍጥነቱ” ምንም ትርጉም የለውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። የጋራ ሰንጠረዥ ክፈቱ፤ አምዶቹ ቃሉ፣ የማን ሙያ፣ ትርጉሙ፣ መለኪያው፣ ያነበባችሁበት ቦታና የመረጣችሁት የአማርኛ አቻ ይሁኑ። በሳምንት አምስት ቃል ይበቃል። የአማርኛ አቻ ፍለጋው ለጌጥ አይምሰላችሁ፤ ቃሉን መተርጎም ካቃታችሁ አብዛኛውን ጊዜ ያልገባችሁ ሐሳቡ ነው።

4. ከላይ እዩ፣ ግን ወቅቱን ጠብቁ

አሁን ወደ ምስሉ። የላንድሳት ሳተላይቶች ከ1972 ጀምሮ ምድርን ያነሣሉ፤ ማኅደራቸው በ2008 በነጻ ተከፍቷል። ከ1982 ወዲህ ያሉት በአብዛኛው ባለ 30 ሜትር ፒክስል ናቸው፣ ማለትም አንዷ የምስል ነጥብ 30 በ30 ሜትር መሬት ትሸፍናለች፤ የመጀመሪያዎቹ ከዚያ ያነሰ ዝርዝር ነበራቸው። የአውሮፓው ሴንቲነል-2 ከ2015 ወዲህ ያለ ሲሆን ዋና ዋና ባንዶቹ (ለየብቻ የሚመዘገቡት የብርሃን ዓይነቶች) 10 ሜትር ናቸው፤ ሁለት ሳተላይቶች ሲሠሩ በየአምስት ቀኑ ይመለሳል። የድሮውን ታሪክ ከላንድሳት፣ የቅርቡን ዝርዝር ከሴንቲነል ትወስዳላችሁ።

ሀ. የተፋሰሱን ወሰን አውጡ። ኤስአርቲኤም የተባለው የከፍታ ዳታ በየካቲት 2000 በመንኮራኩር የተሰበሰበ ነው፤ በ30 ሜትር ፒክስል በነጻ ይገኛል። ኪውጂአይኤስ በተባለው ነጻ ሶፍትዌር ከግድቡ ወደ ላይ ያለውን ተፋሰስ ማውጣት ይቻላል። ጥቅጥቅ ባለ ደን ላይ ዳታው የዛፉን ጫፍ ወደ መጠጋት ስለሚያዘነብል ወሰኑን በምስል አመሳክሩት።

ለ. ከዓመታት ልዩነት ያላቸው ሁለት ምስሎች ምረጡ። በተመሳሳይ ወር፣ ቢቻል በተመሳሳይ ሳምንት የተነሡ ይሁኑ።

ሐ. የአረንጓዴነት መለኪያውን አስሉ። ኤንዲቪአይ ይባላል፤ የቅርብ ኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታይ ብርሃን) ሲቀነስ ቀይ፣ ለሁለቱ ድምር ይካፈላል። በሴንቲነል-2 ባንድ 8 እና ባንድ 4 ናቸው። ውጤቱ ከ-1 እስከ 1 ነው፤ ለምለም ዕፅዋት ወደ 1 ይጠጋሉ፣ ባዶ አፈር ከዜሮ ጥቂት ከፍ ይላል፣ ውሃ ብዙውን ጊዜ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

“ለ”ን ያጠበቅሁበት ምክንያት አለኝ። አንድ ጊዜ የሁለት ዓመት ምስል አነጻጽሬ “ተፋሰሱ አገግሟል” ብዬ ሦስት ገጽ ጻፍሁ። ሁለተኛው ምስል የተነሣው ከዝናብ በኋላ ነበር። ያገገመ ነገር አልነበረም፤ ሣሩ በቅሎ ነበር፣ ያ ብቻ። ያረመኝ የካርታ ባለሙያ አልነበረም፤ ከከብት እርባታ የመጣ ባልደረባችን “ይህ ሣር በስንት ወር ነው የሚደርቀው?” ብሎ ጠየቀኝ።

ሌላም ወጥመድ አለ፣ ይህኛው በዓይን አይታይም። ከጥር 25 ቀን 2022 ጀምሮ የሴንቲነል-2 ዳታ አዘገጃጀት ተለውጦ በፒክስል ዋጋዎች ላይ 1,000 ይደመራል። ከዚያ በፊትና በኋላ ያሉትን ሳታስተካክሉ ካነጻጸራችሁ መሬቱ ሳይለወጥ ቁጥሩ ይለወጣል። የሳተላይት ምስል በኢንተርኔት በሚተነተንበት በጎግል ኧርዝ ኤንጅን ውስጥ “ሃርሞናይዝድ” የሚል ቃል ያለበትን ስብስብ ከመረጣችሁ ማስተካከያው ተሠርቷል። የላንድሳት 7 ምስሎችም ከግንቦት 2003 መጨረሻ ወዲህ ጥቁር ሰንበር አለባቸው፤ የአንድ መሣሪያ ብልሽት ነው፣ የእናንተ ኮምፒውተር አይደለም።

የኢንተርኔት ጥቅላችሁ ውስን ከሆነ ሙሉ የሴንቲነል ምስል አታውርዱ፤ አንዱ ወደ 110 ኪሎ ሜትር ጎን ያለው ነውና በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይበላል። ኧርዝ ኤንጅን ስሌቱን በራሱ ኮምፒውተሮች ላይ ሠርቶ ውጤቱን ብቻ ይልካል፤ ምዝገባ ይጠይቃል እንጂ ለትምህርት ነጻ ነው። የሴንቲነል ምስሎች የሚታዩበት ድረ ገጽ፣ ኮፐርኒከስ ብራውዘር፣ ደግሞ የተፋሰሳችሁን ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ እንድታወርዱ ይፈቅዳል።

ስለ ፒክስል መጠን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ የተዋቡ ካርታዎች የሚዋሹት እዚህ ነው። የሴንቲነል አንድ ፒክስል 100 ካሬ ሜትር ነው። ሶይልግሪድስ የተባለው የዓለም የአፈር ካርታ ፒክስሉ 250 ሜትር ነው፣ ማለትም 6 ሄክታር ከሩብ በአንድ ቁጥር። ከ1981 ጀምሮ ያለው የቺርፕስ የዝናብ ዳታ አንድ ፒክስል ወደ 30 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ሦስቱን ወደ 10 ሜትር ለውጣችሁ ብትደራርቧቸው ሶፍትዌሩ አይቃወማችሁም። ካርታው ያማረ ይሆናል፤ ዕውቀት ግን አልጨመረም። ደግሞም የአፈሩ ካርታ ከናሙናዎች ተነሥቶ የተተነበየ ነው፤ እያንዳንዱ ቦታ ተቆፍሮ አልተለካም።

5. ቀመሩን ሥሩ፣ ከዚያ ጠርጥሩት

አፈሩ ከየት እንደሚመጣ ለመገመት ብዙ ሰው የሚጠቀመው ዩኤስኤልኢ የተባለውን ቀመር ነው። ዊሽማየርና ስሚዝ በ1965 አውጥተው በ1978 ያሻሻሉት ነው። አምስት ነገር ይባዛል፦ የዝናቡ ኃይል፣ አፈሩ ለመሸርሸር ያለው ዝንባሌ፣ የተዳፋቱ ርዝመትና ቁልቁለት፣ የዕፅዋት ሽፋኑ፣ የጥበቃ ሥራው። እስካሁን ያሰባሰባችሁት ዳታ ለአብዛኞቹ መነሻ ይሆናል።

ማባዛት መሆኑን ልብ በሉ፤ የሽፋኑን ቁጥር በእጥፍ ከሳታችሁ መልሱ በእጥፍ ይሳሳታል። መደበኛ የሙከራ መሬቱ 22.1 ሜትር ርዝመትና 9 በመቶ ተዳፋት ያለው የአሜሪካ ማሳ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቀመሩ የሚገምተው እንደ ስስ ልባስ የሚገፈፈውንና በቀጫጭን ቦዮች የሚታጠበውን አፈር ነው። ቦረቦርን አያውቅም፣ የወንዝ ዳር መናድን አያውቅም፣ መንገድ ላይ የቀረውን ደለልም አይቀንስም። የእናንተን ግድብ የሚሞላው ከሁለት ትላልቅ ቦረቦሮች የሚወጣ አፈር ከሆነ ካርታችሁ ማሳዎቹን ቀይ አድርጎ ያሳያል፣ ጥፋተኛው ግን ሌላ ቦታ ተኝቷል። ስለዚህ የቀመሩን ካርታ ከከፍተኛ ጥራት ምስል ጋር አስተያዩ፤ ቦረቦሮቹን በእጅ ሣሏቸው፣ በየዓመቱ ስንት ሜትር ወደ ላይ እንደወጡ ለኩ። ከሰዓት በኋላውን የሚጨርስ አድካሚ ሥራ ነው፤ ከቀመሩ የበለጠ ያስተማረኝ ግን እሱ ነው።

6. የማይታየውን ጠይቁ

ሳተላይት አጥር ያሳያል፤ አጥሩን ማን እንዳጠረው አያሳይም። የወል ግጦሽን በሚመለከት ጋሬት ሃርዲን በ1968 ያቀረበው ክርክር በሰፊው ይጠቀሳል፦ እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት መጨመሩ ለራሱ ያዋጣዋል፣ መሬቱ ግን ለሁሉም ይጠፋል። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን በእውነት ያሉ የመስኖ፣ የግጦሽና የዓሣ ማጥመጃ ሥርዓቶችን ስታጠና ተጠቃሚዎች ራሳቸው ደንብ አውጥተው ለረጅም ዘመን የጠበቋቸውን አገኘች። በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ስታገኝ በዘርፉ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች።

የእሷን ስምንት መርሆች አትሸምድዱ፤ ወደ ጥያቄ ለውጧቸው። የሀብቱና የተጠቃሚው ወሰን ይታወቃል? ደንቡ ከቦታው ሁኔታ ጋር ይሄዳል? ደንብ ሲወጣ ተጠቃሚው ይሳተፋል? ጠባቂው ማን ነው፣ ተጠሪነቱስ ለማን? ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ ደረጃ አለው? ግጭት በቅርብና በትንሽ ወጪ ይፈታል? መንግሥት የመደራጀት መብታቸውን ያውቅላቸዋል? ትልቅ ተፋሰስ ከሆነ ትንንሾቹ ማኅበራት እንዴት ይያያዛሉ? ተፋሰሱን ለሚያውቅ ሰው በስልክ አንብቡለትና መልሱን በራሱ አነጋገር ጻፉ። ከመጠየቃችሁ በፊት ለምን እንደምትጠይቁና ጽሑፉ የት እንደሚደርስ ንገሩት፤ እምቢ ካለ እምቢታው ይከበር።

7. የጊዜን ዋጋ አስሉ

እዚህ አጭር ልሁን፤ አንድ ስሌት ብቻ ሥሩ። ከ20 ዓመት በኋላ የሚገኝ 1,000 ገንዘብ ዛሬ ምን ያህል ያወጣል? ዓመታዊ የቅናሽ ምጣኔው (የወደፊት ገንዘብ ወደ ዛሬ ሲመለስ በየዓመቱ ዋጋው የሚቀነስበት መጠን) 3 በመቶ ከሆነ 554 ገደማ፣ 10 በመቶ ከሆነ 149 ገደማ። ዛፍ መትከል “አዋጪ” ወይም “ኪሳራ” የሚሆነው ብዙ ጊዜ በዚህ በአንድ ቁጥር ነው፣ ዛፉ ግን ያው ዛፍ ነው። በጥናት ላይ የአዋጭነት ሰንጠረዥ ባያችሁ ቁጥር መጀመሪያ ይህን ምጣኔ ፈልጉ፤ ቀጥሎ እርከን የሚሠራው ገበሬና ውሃውን የሚጠቀመው ሰው በአንድ ዓምድ ተደምረው እንደሆነ እዩ።

8. ንባብና ኮርስ

አንድ ችግር በየሙያው ሌላ ስም አለው። የግድባችንን ጉዳይ የውሃ ሰዎች “ሰዲመንት ዪልድ”፣ ኢኮኖሚስቶች “ኤክስተርናሊቲ” (አንዱ ሲሠራ በሌላው ላይ የሚያርፍ ወጪ ወይም ጥቅም)፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች “ኮሌክቲቭ አክሽን” (ለጋራ ጥቅም በጋራ መሥራት) በሚለው ሥር ጽፈውታል። የቃላት መዝገባችሁ ለፍለጋም የሚጠቅመው ለዚህ ነው። በጎግል ስኮላር በእያንዳንዱ ስም ፈልጉ፤ ከየዘርፉ አንድ የክለሳ ጽሑፍ (ብዙ ጥናቶችን የሚያጠቃልል) አንብቡ፣ ከዚያ የጠቀሱትንና እነሱን የጠቀሱትን ተከተሉ።

ጽሑፉ ክፍያ ከጠየቀ ከውጤቱ ሥር ያሉትን ሌሎች ቅጂዎች ተመልከቱ፣ በነጻ የተለቀቀ ቅጂ የሚፈልግላችሁን አንፔይዎል የተባለ የብራውዘር ተጨማሪ ጫኑ፣ ወይም ለጸሐፊው በትሕትና ጻፉ፤ ብዙዎቹ ይልካሉ። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ተቋማት በሪሰርች ፎር ላይፍ በኩል በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ያገኛሉ፤ የግብርናው ክንፍ አጎራ ከ2003 ጀምሮ አለ። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም የሰጣችሁን ምንጭ ግን ሳትከፍቱ አትጥቀሱ። የሌለ ጽሑፍን በሚያምር ርዕስ ፈጥሮ ይሰጣል።

ኮርስ አሁን ምረጡ። እስካሁን የት ላይ እንደተሰናከላችሁ ታውቃላችሁ፤ ያንን ብቻ ውሰዱ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የኢለርኒንግ አካዳሚ ነጻ ነው፣ ትምህርቶቹም አጫጭር ናቸው።

9. ሥራውን ወደ ባለቤቶቹ መልሱ

የመጨረሻው ውጤት አንድ ካርታና ሁለት ገጽ ጽሑፍ ይሁን፤ ቀመሩ የሚያሳየውን፣ የሳላችኋቸውን ቦረቦሮችና በስልክ የሰማችሁትን ደንብ ጎን ለጎን የያዘ። የሚቃረኑ ከሆነ ተቃርኖውን አታለስልሱት፣ እንዳለ ጻፉት። የቡድናችሁ አባል ወይም የምታምኑት ሰው ቦታው ላይ አሥር ነጥቦችን በስልክ ፎቶ ያንሣ፤ ካርታችሁ “ባዶ መሬት” ያለው ታጭዶ የቆየ ማሳ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ካርታውን ለሁሉም ከመልቀቃችሁ በፊት ብርቅዬ ዕፅዋትና እንስሳት ያሉበትን ትክክለኛ ነጥብ አደብዝዙ። ሰዎች ያዩትን ዕፅዋትና እንስሳት የሚመዘግቡበት አይናቹራሊስት የተባለው ድረ ገጽ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ቦታ በራሱ የሚሸፍነው አዳኞችና ሕገ ወጥ ሰብሳቢዎች እንዳይጠቀሙበት ነው።

ካርታውን ለተፋሰሱ ነዋሪዎች ስታሳዩ ገለጻ አታብዙ። “የት ላይ ተሳስተናል?” ብላችሁ ጠይቁና ጻፉ። ከዚያ በመጀመሪያው ቀን የጻፋችሁትን ግማሽ ገጽ አውጡ፤ የተሳሳተውን በአንድ ቀለም፣ ያኔ ጭራሽ ያላሰባችሁትን በሌላ ቀለም ጨምሩበት። የሁለተኛው ዙር ጥያቄ የሚወጣው ከሁለተኛው ቀለም ነው።